«ቀንሷል» ብዬ የጻፍኩት

«በከተማችን ጫት የሚቅሙ ወጣቶች ቁጥር ካለፈው ጥናት ወዲህ በግልጽ ቀንሷል።»

ይህን ዐረፍተ ነገር የጻፍኩት እኔ ነኝ። ከሪፖርት ወደ ዕቅድ፣ ከዕቅድ ወደ መድረክ ንግግር፣ ከንግግር ወደ ወጣት ማዕከሉ ግድግዳ ተሻገረ። ጸሐፊው ማን እንደሆነ ሳያውቁ ለእኔው መልሰው የጠቀሱልኝ ሰዎች አሉ፤ አንገቴን ነቅንቄ አልፌአለሁ።

ዐረፍተ ነገሩ ሐሰት ነው አልልም። እውነት ይሁን ሐሰት የሚያውቅ የለም። የማውቀው፣ እንደዚያ ለማለት የሚያበቃ ነገር በእጄ እንዳልነበረ ነው። ይህንንም ያወቅሁት ዓመታት ካለፉ በኋላ ሳይሆን ያኔውኑ፣ እየጻፍኩት ነው። ሳላውቅ ተሳስቼ ቢሆን ኖሮ አንድ የእርማት ደብዳቤ ጽፌ እገላገል ነበር።

ያኔ በአንዲት መካከለኛ ከተማ የጤና ባለሙያ ነበርኩ። ከተማዋን አልጠራትም፤ አብረውኝ የፈረሙት ሰዎች የፈረሙት የእኔን ቁጥር አምነው ነው። ጫት ወደዚያች ከተማ ረፋዱ ላይ በመኪና ይገባል። ጥሩምባው ከሩቅ ሲሰማ ባለሱቁ፣ ባለባጃጁ፣ የቢሮ ጸሐፊው ሁሉ ሰዓቱን በዚያ ያስተካክላል። ከምሳ በኋላ በርጫ ነው፤ ማታ ደግሞ ምርቃናውን ለመስበር ጨብሲ። ዙርባ መግዛት ያቃተው ገራባ ይለቅማል። ነገሩ በአደባባይ የሚታይ ስለነበር «ስንት ሰው ይቅማል?» ብሎ መጠየቅ ለብዙዎች የሞኝ ጥያቄ ይመስል ነበር። የእኛ ጥያቄ ግን ሌላ ነው፦ እየጨመረ ነው ወይስ እየቀነሰ? ይህ ከመጀመሪያው እጅግ ይከብዳል። አንድ ጊዜ ለክተህ ብትሳሳት ስህተትህ አንድ ነው። ሁለት ጊዜ ለክተህ ልዩነቱን ስታነብ ግን በአለካክህ ላይ ያደረግኸው ለውጥ ሁሉ የሰዎቹ ለውጥ መስሎ አብሮ ይነበባል። ይህን ተምሬዋለሁ። ፈተና ላይም መጥቶልኝ መልሻለሁ።

የመጀመሪያው ዙር የተካሄደው ግንቦት ላይ ነበር፣ የ10ኛና የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች ለብሔራዊ ፈተና ሲዘጋጁ። ዳታ ሰብሳቢዎቹ ከሌላ ከተማ የመጡ የኮሌጅ ልጆች ናቸው፤ ተማሪዎቹ አያውቋቸውም፣ እነሱም ተማሪዎቹን አያውቁም። መምህራን ከክፍል እንዲወጡ ተደርጓል። ስም አይጻፍም። የተሞላው ወረቀት ታጥፎ በሩ አጠገብ በተቀመጠ ካርቶን ውስጥ ይጣላል። ጥያቄውም እንዲህ ይል ነበር፦ «ባለፉት 30 ቀናት ውስጥ፣ አንድ ጊዜም ቢሆን፣ ጫት ቅመሃል/ሻል?» ከሥሩ «ለምን?» የሚል ነበር፤ ለጥናት፣ ከጓደኛ ጋር ለመጫወት፣ ለጸሎት፣ ለድብርት፣ ሌላ።

ውጤቱ ወላጆችን አስደነገጠ። በድንጋጤውም ሁለት ነገሮች ተደረጉ። አንደኛው መልካም ነበር፤ በወጣት ማዕከሉ ጀርባ አንዲት ክፍል ተከፍታ አንድ ልምድ ያላቸው ነርስ ከሰዓት በኋላ እየገቡ ልጆችን የሚያነጋግሩባት ሆነች። ሁለተኛው ዘመቻ ነበር። ትምህርት ቤት አካባቢ ያሉ ጫት ቤቶችና ሺሻ ቤቶች ታሸጉ፣ የሺሻ ዕቃ ተሰብስቦ በአደባባይ ተቃጠለ፣ ከበርጫ ላይ የተያዙ ተማሪዎች ወላጅ እንዲያመጡ ታዘዙ። ወላጅ ከማምጣት መቅረትን የመረጡ ነበሩ፤ በዚያው ከትምህርት ቤት ቀሩ።

ሁለተኛው ዙር ከዚህ ሁሉ በኋላ፣ ከጥቂት ዓመታት ልዩነት ጋር፣ የካቲት ላይ ተደረገ። ለምን የካቲት ብትሉ ገንዘቡ የተለቀቀው ያኔ ስለሆነ ነው። ከውጭ ዳታ ሰብሳቢ ማምጣት የውሎ አበል ይጠይቃል፤ ስለዚህ መጠይቁን የክፍሉ ሆምሩም መምህር ራሱ እንዲያስሞላ ወሰንኩ። መጠይቁም በአንድ ገጽ እንዲያልቅልኝ ፈለግሁ፤ ፎቶ ኮፒው ግማሽ በግማሽ ይቀንሳልና። ሳሳጥር ያ ረጅም ጥያቄ ሁለት ቃል ሆኖ ቀረ፦ «ጫት ትቅማለህ/ሽ? አዎ/አይ።»

ልብ በሉ፣ እነዚህን ውሳኔዎች የወሰነልኝ አለቃ አልነበረም። እኔው ነኝ፣ በአንድ ከሰዓት፣ በእስክርቢቶ።

ጥያቄው ማጠሩ ምን እንዳደረገ የገባኝ ገና በመጀመሪያው ትምህርት ቤት ነው። ከክፍል የወጣ አንድ ተማሪ ግቢው ውስጥ ለጓደኛው «አይ ብዬ ሞላሁ፤ እኔ ለጥናት ነው እንጂ መቼ እቅማለሁ?» ሲል ሰማሁት። ልጁ አልዋሸም። ያለ ጫት መጽሐፍ መግለጥ የማይችል ተማሪ ራሱን ቃሚ አይለውም፤ ቃሚ ለእሱ ሠፈሩ ውስጥ ሐራራ ይዞት ከጠዋት ጀምሮ መኪናውን የሚጠብቀው ሰውዬ ነው። ግንቦት ላይ «አንድ ጊዜም ቢሆን» ተብሎ ሲጠየቅ አዎ ይል የነበረው፣ የካቲት ላይ «ትቅማለህ?» ሲባል አይ አለ። በሁለቱ መካከል ልጁ የተወው ነገር የለም።

ወሩም ራሱን የቻለ ጉድ ነው። ግንቦት የፈተና ዋዜማ ነው፤ የካቲት ደግሞ የመጀመሪያው ሴሚስተር ፈተና ካለፈ በኋላ፣ ተማሪው እፎይ ያለበት ጊዜ። የካቲት ደረቅ ወር ነው፤ መስኖ በሌለበት አካባቢ ለጋው ቅጠል ይሳሳል፣ ዋጋው ይወጣል፣ የተማሪ ኪስ ደግሞ ያው ነው። ዐቢይ ጾም ሲገባ ጾሙን አስታከው የሚያቆሙም አሉ። ረመዳንም እንዲሁ የቃሚውን ሰዓት ከቀን ወደ ሌሊት ያዞረዋል፤ በፀሐይ አቆጣጠር ደግሞ በየዓመቱ 11 ቀን ያህል ወደ ኋላ ስለሚመጣ፣ በአንድ ወር የተሠሩ ሁለት ጥናቶች እንኳ አንዱ ረመዳን ላይ፣ ሌላው ከረመዳን ውጭ ሊያርፍ ይችላል። በየሰፈሩ የሚታወቀውን ይህን የቀን መቁጠሪያ እኔ ስዘጋጅ አንድ ጊዜ እንኳ አላወጣሁትም።

ከሁሉ የሚብሰው መምህሩ ነው። ለቁጥጥር በገባሁበት አንድ ክፍል ሆምሩሙ በወንበሮቹ መካከል እየተዘዋወረ፣ ጎንበስ እያለ ወረቀታቸውን ያያል። ክፋት አልነበረውም፤ ባዶ የተተወ ጥያቄ እንዳይኖር ነው። ልጆቹ ግን በዘመቻው ከጫት ቤት የተያዙ ጓደኞቻቸው በማን ቢሮ በኩል ወላጅ አምጡ እንደተባሉ ያውቃሉ። ከኋላ ወንበር ሁለት ልጆች ተያይተው ሳቁ፤ እየሳቁም «አይ» ላይ ምልክት አደረጉ። አየሁ። ማቆም እችል ነበር። «መምህር፣ አንዴ ውጭ ይጠብቁን» ማለት ብቻ ይበቃኝ ነበር። ሌሎች ክፍሎች ቀድመው ተሞልተው አልቀዋል፣ ይህን ባርመው ከእነሱ አይገጥምም ብዬ ለራሴ ምክንያት ሰጠሁና ወጣሁ።

በየክፍሉ ያልነበሩትም አሉ። በዘመቻው የቀሩት ልጆች በመጀመሪያው ዙር መቀመጫቸው ላይ ሆነው «አዎ» ያሉ ሳይሆኑ አይቀሩም። በሁለተኛው ዙር መቀመጫው ባዶ ነው፤ ባዶ መቀመጫ ደግሞ መጠይቅ አይሞላም። እኛ ራሳችን ከትምህርት ቤት አስወጥተናቸው፣ ከዚያ ተመልሰን ትምህርት ቤቱን ለካንና ንጹህ ሆኖ አገኘነው። በጥናት ቋንቋ ይህ የራሱ ስያሜ አለው። እኔ ግን ከስያሜው ይልቅ ከልጆቹ አንዱን በመናኸሪያው አካባቢ ለተሳፋሪ ጀሪካን ሲሸከም ያየሁበትን ቀን አስታውሳለሁ።

አሁን ወደ ሲስተር ልምጣ። በዚያች ክፍል ይሠሩ የነበሩትን ነርስ ሁሉም ሰው ሲስተር ይላቸው ነበር፤ ስማቸው እዚህ አያስፈልግም። ዕድሜያቸው ከእናቴ ብዙም አያንስም። የሚመጡትን ልጆች ስም ሳይጽፉ ባለመስመር ደብተር ላይ ይመዘግቡ ነበር፦ ቀን፣ ዕድሜ፣ ምን እንደሚጠቀም፣ ከማን ጋር፣ ምን አመጣው። ሪፖርቱን ልጽፍ ስቀመጥ ደብተሩን ይዘው ቢሮዬ መጡ።

«ይኼን እየው» አሉኝ። «ድሮ የሚመጡልኝ ጫት ብቻ ነበር የሚሉኝ። አሁን ሌላ ነገር አለ። ከበርጫው በኋላ አረቄ፣ እንቅልፍ እምቢ ሲላቸው ደግሞ ኪኒን። ትራማዶል የሚሉ አሉ። ጫት ቤቱ ስለታሸገ በየቤቱ ነው የሚቅሙት፤ ማንም አያያቸውም። ሴቶቹም በዝተውብኛል።»

ደብተሩን አገላበጥኩት። ከዚያ እስካሁን የሚቆጨኝን ነገር ተናገርኩ፦ «ሲስተር፣ ይኼ እኮ ዳታ አይደለም። ወደ እርስዎ የሚመጡት ችግር ያለባቸው ናቸው፤ ሁሉንም አይወክሉም።»

ሙያዊ ንግግር ነው፣ ሐሰትም የለበትም። የእሳቸው ደብተር ስንት ከመቶ እንደሚቅም ሊነግረኝ አይችልም። ነገር ግን የእኔ መጠይቅ ያልጠየቀውን ነገር ይነግረኝ ነበር። በመጠይቄ ላይ አረቄ የለም፣ ኪኒን የለም፣ ቤት ውስጥ የሚል የለም፤ በሁለቱም ዙሮች ጫት ብቻ ነው የጠየቅሁት። አንዱ ነገር ቀንሶ ሌላው ቢተካው፣ ወይም አንዱ ላይ ሌላው ቢደረብበት፣ የእኔ ወረቀት በምንም መንገድ ሊያየው አይችልም ነበር። ሲስተር ደብተራቸውን ዘግተው «አንተ ታውቃለህ፣ ልጄ» አሉና ወጡ። የተቆጡ መስሎኝ ነበር። በኋላ ሳስበው ተስፋ መቁረጥ ነው።

ሪፖርቱ ውስጥ «የጥናቱ ውስንነቶች» የሚል ክፍል ጽፌ ነበር። ይህን የምናገረው ራሴን ለማዳን አይደለም፤ እንዲያውም ጥፋቴን የሚያከብደው ይኸው ነው። ከላይ የዘረዘርኩትን አብዛኛውን፣ የወሩን፣ የጥያቄውን፣ የመምህራኑን ነገር፣ ግማሽ ገጽ በሚሆን አንቀጽ አስቀምጬው ነበር። ከዚያ ሳነበው ሪፖርቱን በሙሉ የሚያፈርስ መሰለኝ፤ የሚያፈርስም ነበር። ወደ አባሪ አዛወርኩት። ለኅትመት ስልክ ደግሞ አባሪውን በሌላ ፋይል አድርጌ «አስፈላጊ ከሆነ» ብዬ ላክሁ። አስፈላጊ ሆኖ ያገኘው ሰው አልነበረም። ማጠቃለያው ላይ ግን «ቀንሷል» ብቻውን ደካማ መስሎኝ «በግልጽ» ጨመርኩበት።

አንድ ሌላ ነገርም ሠርቻለሁ። የእኛ ከተማ ውጤት ብቻውን እንዳይቆም የሌሎች ጥናቶችን ቁጥሮች በአንድ ሥዕል ላይ ደረደርኳቸው። በቡታጅራ አካባቢ ከ10 ሺህ በላይ አዋቂዎችን ያካተተውና እ.ኤ.አ. በ1999 የታተመው ጥናት ከተጠያቂዎቹ ግማሹ በጥናቱ ወቅት ይቅሙ እንደነበር ያሳያል። እ.ኤ.አ. የ2011ን የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ መሠረት ያደረገ ትንተና በአገር ደረጃ 15.3 በመቶ ይላል። እ.ኤ.አ. በ2015 ተላላፊ ባልሆኑ በሽታዎች ላይ የተደረገው የስቴፕስ ዳሰሳ ደግሞ 15.8። ሦስት ዐምድ፦ አንዱ ረጅም፣ ሁለቱ አጭር። ለተመልካች ሥዕሉ «ኢትዮጵያ ጫት እየተወች ነው» ይላል።

አይልም። ቡታጅራ ጫት በጓሮ የሚበቅልበት፣ ብዙው ነዋሪ ሙስሊም የሆነበትና ከቃሚዎቹም 80 በመቶ ያህሉ ለጸሎት ሐሳብ ለመሰብሰብ እንቅማለን ያሉበት አካባቢ ነው። ከአገር አማካይ ጋር ማስተያየት ማለት የአንድን ጓሮ ዝናብ ከአገሪቱ ዝናብ ጋር ለክቶ ድርቅ ገባ ማለት ነው። ሁለቱ አጫጭር ዐምዶችም እርስ በርሳቸው አይገጥሙም። የ2011ዱ ዳሰሳ ሴቶችን ከ15 እስከ 49፣ ወንዶችን ከ15 እስከ 59 ዓመት ያለውን ነው የጠየቀው፤ ስቴፕስ ሁለቱንም እስከ 69 ይወስዳቸዋል። ከ15.3 ወደ 15.8 «ጨመረ» የሚልም «ባለበት ነው» የሚልም ሁለቱም ዕድሜ የተለያየ ሕዝብ እያወዳደሩ ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 የተደረገው ተከታዩ የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ ከሴቶች 12፣ ከወንዶች 27 በመቶ በሕይወታቸው አንድ ጊዜም ቢሆን ቅመናል እንዳሉ መዝግቧል፤ እሱን ደግሞ ከ15.8 አጠገብ ያስቀመጠ ሰው ጫት በአንድ ዓመት ጨመረ ሊል ይችላል፣ የጥያቄው ዘመን «በሕይወትህ» ወደሚል መለወጡን ካላየ። እነዚህን ሰነዶች በኮምፒውተሬ ላይ ከፍቼ ነበር። የዕድሜ ክልሉ የተጻፈው በመጀመሪያው ገጽ ነው።

ሪፖርቱ ተወደደ። በዞን ስብሰባ አቀረብኩት፣ የምስጋና ወረቀት ተሰጠኝ። የዘመቻው አስተባባሪዎች ዘመቻው ለመሥራቱ ማረጋገጫ አገኙ፤ ትምህርት ቤቶቹም ስማቸው ጸዳ። የከፋው ሐምሌ ላይ መጣ። አዲሱ በጀት ሲደለደል «ችግሩ በግልጽ እየቀነሰ ስለሆነ» የሚል ሐረግ ተጠቅሶ የወጣት ማዕከሉ ክፍል ከዕቅድ ወጣች። ሲስተር ወደ ክትባት ተዛወሩ። ክፍሏ የወንበር ማከማቻ ሆነች። በስብሰባው ላይ ነበርኩ። ሐረጉ የማን እንደሆነ አውቄ ዝም አልኩ።

ከዚያ በኋላ አንድ አባት ልጃቸውን ይዘው ቢሮዬ መጡ። ልጁ ሌሊት አይተኛም፤ ሲተኛም ዱካክ ያስጮኸዋል፤ ጫት ሲያጣ ኪኒን ነው አሉ። «ልጆች የምታናግር ሲስተር አለች ብለውኝ ነበር፣ የታለች?» ብለው ጠየቁኝ። ወደ ክልሉ ከተማ ሪፈራል ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል እንዲሄዱ ወረቀት ጻፍኩላቸው። ወረቀቱን አጥፈው ኮታቸው ኪስ ከተቱት። መንገዱ የግማሽ ቀን አውቶቡስ ነው፤ የሁለት ሰው ትኬት፣ ማደሪያ፣ ምግብ። አልሄዱም፤ ይህን የሰማሁት ከጎረቤታቸው ነው። ልጁ ዛሬ እንዴት እንደሆነ መጠየቅ እችላለሁ። አልጠየቅሁም፤ ይህም በኑዛዜው ውስጥ ይግባ።

ከዓመታት በኋላ ሌላ ሥራ ላይ ሆኜ ሌሎች ይህን ነገር እንዴት እንደሚያደርጉት ማንበብ ጀመርኩ። እየጨመረ ነው ወይስ እየቀነሰ የሚለው ጥያቄ የእኛ ብቻ አይደለም። የሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ሰዎች እ.ኤ.አ. ከ1975 ጀምሮ በየዓመቱ የአሜሪካ የ12ኛ ክፍል ተማሪዎችን ይጠይቃሉ፤ ጥንካሬያቸው ጥያቄውን በተቻለ መጠን ሳይነኩ ማቆየታቸው ነው፣ ትምህርት ያቋረጡት እንደማይገኙበትም ራሳቸው በግልጽ ይናገራሉ። እዚያው አገር የቤት ለቤት የዕፅ አጠቃቀም ዳሰሳ እ.ኤ.አ. በ2002 ስሙን ቀየረ፣ ለሚመልስ ሰውም 30 ዶላር መስጠት ጀመረ። መልስ የሚሰጠው በዛ፤ ተጠቅሜያለሁ የሚለውም አብሮ በዛ። አዘጋጆቹ ታዲያ «ጨመረ» ብለው አልጮኹም። መስመሩን ቆርጠው ከ2002 በፊት ያለውን ከዚያ ወዲህ ካለው ጋር አታወዳድሩ አሉ። ያን ያህል በጀት ያለው ተቋም «አንችልም» ሲል ሳነብ የእኔ «በግልጽ» ፊቴን አቀላው።

በአውሮፓ እ.ኤ.አ. በ1995 የተጀመረው የተማሪዎች ዳሰሳ ደግሞ በመድኃኒቶቹ ዝርዝር መሀል በዓለም ላይ የሌለ «ሬሌቪን» የሚባል ነገር ይጨምራል፤ እሱንም ወስጃለሁ የሚል ተማሪ ካለ መልሱን በጥርጣሬ ያዩታል። የእኛ ችግር የተገላቢጦሽ ነበር፤ ልጆቻችን የሌለውን ሳይሆን ያለውን ነው የካዱት። ጣሊያኖች እ.ኤ.አ. በ2005 ከፖ ወንዝ ውኃ ቀድተው በሽንት የሚወጣውን የኮኬይን ትራፊ ለክተዋል፤ ዛሬ ብዙ የአውሮፓ ከተሞች በየዓመቱ ለአንድ ሳምንት ያህል ፍሳሻቸውን እንዲህ ያስመረምራሉ። ፍሳሽ ሆምሩም አይፈራም። በእኔ ከተማ ግን የፍሳሽ መስመር የለም፤ ያለው መጣጭ መኪና ነው፣ እሱም ወረፋ አለው።

ከሁሉ የነካኝ ሌላ ነው። የአሜሪካ ብሔራዊ የዕፅ ምርምር ተቋም እ.ኤ.አ. በ1976 አንድ ቡድን አቋቁሞ ነበር። ከየከተማው የሚመጡ ሰዎች በዓመት ሁለት ጊዜ ይሰበሰባሉ፤ ይዘው የሚመጡትም የድንገተኛ ክፍል መዝገብ፣ የሕክምና ማዕከል ቅበላ፣ የፖሊስ ላቦራቶሪ ውጤት፣ ከመንገድ የሰሙትን ነው። አንዳቸውም ብቻውን ሕዝቡን አይወክልም። ጎን ለጎን ሲቀመጡ ግን አዲስ ነገር ሲገባ ከትልቁ ዳሰሳ ቀድመው ያዩታል። ቡድኑ ለአራት አሥርት ዓመታት ያህል በዚህ መንገድ ሠርቷል። ሲስተር ባለመስመር ደብተር ላይ ይሠሩት የነበረው ይኸው ነው። ዳታ አይደለም ብዬ የመለስኩት ይህን ነበር።

ሲስተርን ጡረታ ከወጡ በኋላ ቤታቸው ሄጄ ይቅርታ ጠየቅኋቸው። ቡና አፈሉልኝ። ስለ ሪፖርቱ የማወራውን አስጨርሰው ሰሙና «እኔ እኮ የተከፋሁት በቁጥሩ አይደለም» አሉኝ። «ክፍሏ ስትዘጋ እዚያው ተቀምጠህ ነበር።» መልስ አልነበረኝም። ደብተሩን ጠየቅኋቸው፤ ሲዛወሩ ከክፍሏ ዕቃ ጋር አስረክበውት የት እንደደረሰ አያውቁም።

ለቀድሞ መሥሪያ ቤቴ ደብዳቤ ጻፍኩ። ሁለቱ ዙሮች በወር፣ በጥያቄ፣ በአስሞላል ስለሚለያዩ ሊወዳደሩ አይችሉም፤ «ቀንሷል» የሚለው መደምደሚያ ከሰነዶች ይውጣ፤ የቀረው አባሪ አብሮ ተያይዟል ይላል። ማኅተም ተደርጎበት ገቢ ሆነ። መልስ አልመጣም፤ የፈረሙት ሰዎች ሁሉ ተዛውረዋል፣ ሪፖርቱን የሚያወጣውም የሚያነሣውም የለም።

በቅርቡ በእኔ ወንበር ላይ ያለው ወጣት ባለሙያ ደወለልኝ። ሦስተኛ ዙር ሊሠሩ ነው፣ ደብዳቤዬን ከፋይሉ ውስጥ አግኝቶታል። ሄጄ አገኘሁት። ግንቦት ላይ አድርገው፣ መምህራን ይውጡ፣ የመጀመሪያውን ጥያቄ ቃል በቃል መልሰው፣ ስለ አረቄና ስለ ኪኒን የምትጨምረውን ከሱ በኋላ አስቀምጠው እንጂ በመሀሉ አታስገባው፣ ትምህርት ያቋረጡትን በመናኸሪያና በቀን ሥራ ቦታ ፈልጋቸው፣ ለብቻቸውም ቁጠራቸው አልኩት። ሁሉንም ጻፈ። ከዚያ እስክርቢቶውን አስቀምጦ «እሺ ጋሼ፣ እስከዚያው ግን ለዚህ ሩብ ዓመት ጨምሯል ልበል ወይስ ቀንሷል?» አለኝ።

«አይታወቅም በል።»

ስክሪኑን ወደ እኔ አዞረው። ቅጹ ላይ ሦስት ምርጫ ብቻ አለ፦ ጨምሯል፣ ቀንሷል፣ ባለበት ነው። አንዱ ካልተመረጠ ወደሚቀጥለው ገጽ አያልፍም። አስተያየት የሚጻፍበት ቦታ ፈልገን አጣን። ቅጹን ያዘጋጀው የዞኑ ክፍል ስለሆነ ሰኞ አብረን ሄደን አራተኛ ምርጫ እንዲጨመር ልንጠይቅ ተቀጣጥረናል፤ እሱ ደግሞ ሪፖርቱን ማስገባት ያለበት ዓርብ ነው።